እማማ ሩታ ያልተኙበት አልጋ

በፋሌታይ መንደር የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ሲደርስ ውሻው እንኳን ጨዋ ይሆናል። ፓሌፓ ትመጣለቻ! በቀኝ እጇ ረጅም ዱላ፣ በግራዋ ደብተር፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታ፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሱትን የሴቶች ኮሚቴ አባላት አስከትላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቤት ለቤት እየዞረች ምንጣፍ ገልጣለች፣ አጎበር ቆጥራለች፣ ሽንት ቤት አሽትታለች። በሳቫይ ደሴት የእሷን ያህል የሰው ገበና የሚያውቅ የለም፤ ፓስተሩም ቢሆን። ለፓስተሩ ኃጢአት ይነገረዋል እንጂ ማን ምንጣፍ ገልጦ ያሳየዋል?

ፍተሻው እንዲህ ነው። ሁሉም ቤት ምንጣፉን፣ ትራሱን፣ አንሶላውንና ድስቱን አውጥቶ ይደረድራል። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ምሰሶው ላይ ነጭ ጨርቅ ይታሰርለታል። ካልሆነ ከሰዓት በኋላ በስብሰባው አዳራሽ፣ ሰማንያ ሴት ፊት፣ ጥፋቱ ከነስሙ ይነበባል፤ መቀጫውም ሁለት መጥረጊያ ሠርቶ ማስረከብ ነው። መጥረጊያ ሠርቶ የሞተ የለም። ሰውን የሚገድለው መነበቡ ነው፤ በተለይ ፓሌፓ ስታነብ። እሷ ዝም ብላ አታነብማ፣ ቅመም ትጨምርበታለች።

ስለዚህ ሰዉ ይዋዋሳል። እህት ለእህት ትራስ ታቀብላለች፣ አማት ለምራቷ በጓሮ በኩል አንሶላ ትወረውራለች። ፓሌፓን ማታለል ግን ዘበት ነው። አንድ ጊዜ ባለሱቋ ቤት ገብታ አንዲት ጥልፍ ያለባትን ትራስ አነሣችና እንደ ሕፃን አቀፈቻት። "እኔን! ይቺ ትራስ ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛ ቤቷ ነው። በእግሯ ነው የምትመጣው ወይስ በአውቶቡስ? ደክሟታል፣ ወደ ባለቤቷ መልሷት" አለች። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ባለሱቋ ግን ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሰው ፊት አልወጣችም፤ ስኳሩንም ዘይቱንም ስትሸጥ የከረመችው ልጇ ናት።

በቤቷም ያው ናት። ባሏ ኢሊ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ባሕር ላይ ብዙ የሚቆየው ዓሣው አልያዝ ብሎት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አራት ልጆቿ ከባሕሩ ማዶ ዋና ከተማዋ አፒያና ኒውዚላንድ ተበትነዋል፤ ሲደውሉላት ገና ሰላም ሳትላቸው "አጎበር ታጥቧል?" ትላለች። ክፉ ሆና አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ቢተኛ ዓለም ሰላም ይሆናል ብላ ከልቧ ታምናለች። እስከዚያ ዓመት ነሐሴ ድረስ ማለቴ ነው።

ዱላውን የሰጧት እማማ ሩታ ናቸው። ፓሌፓ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከሌላ መንደር ተድራ ስትመጣ የኮሚቴው መሪ እሳቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ፍተሻ ገብተው የሙሽራዋን ምንጣፍ ጠርዙን ገለጥ ቢያደርጉት፣ ያልታጠበ የኢሊ ሸሚዝ፣ ሁለት የዓሣ አጥንትና ግማሽ ብስኩት ተገኘ። ፓሌፓ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እማማ ሩታ ብስኩቱን አገላብጠው አዩና "ይሄን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?" አሉ። ከዚያ ምንም ሳይጽፉ ሄዱ፤ በማግስቱ ተመልሰው አጠገቧ ቁጭ ብለው ምንጣፍ መሥራት አስተማሯት። ብዙ ዓመት አብረው ዞሩ። ጉልበታቸው ደክሞ ዱላውን ሲያስረክቧት ግን ፓሌፓ ሥራውን ከመምህሯ በላይ አጠበቀችው። እሳቸው አይተው የሚያልፉትን ሁሉ እሷ ትጽፈዋለች።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። እማማ ሩታ የሚኖሩት ከትንሹ ልጃቸው ከፔኒ ሚስት፣ ከአይሊኒ ጋር ነው። ፔኒ በዓመት ሰባት ወር ኒውዚላንድ ፖም ሲለቅም ይከርማል፤ በላቡም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ግድግዳ ያለው፣ የመስታወት መስኮትና በቁልፍ የሚዘጋ በር የተገጠመለት ቤት ሠራ። እኛ መንደር ቤት ማለት ጣሪያና ምሰሶ ነው። ስንበላም፣ ስንተኛም፣ ከባላችን ስንጣላም መንገደኛው ሁሉ ያየናል። እናም ግድግዳ ያለው ክፍል ያገኘ ሰው ተከበረ ማለት ነው። አይሊኒ "ይሄ ክፍል የአማቴ ነው" ብላ አዲስ አልጋ፣ ቀይ አበባ የተጠለፈበት አንሶላና ማራገቢያ ስታስገባ መንደሩ አጨበጨበ። እማማ ሩታ ዕድሜያቸውን የኖሩበት፣ መንገድ ዳር ያለው አሮጌው ቤት የኮኮናት ማከማቻ ሆነ። ሴቶቹ ደግሞ ባሎቻቸውን "አየህ? እናት እንዲህ ነው የምትያዘው" እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጧቸው።

ከዚያ በኋላ እማማ ሩታን ያየ የለም። ማንም ልብ አላለም! ጉድ እኮ ነው። ማን ስንት ጊዜ እንዳስነጠሰ በሚታወቅበት መንደር አንዲት አሮጊት ከዓይን ጠፍተው፣ "ክፍላቸው ውስጥ አርፈዋል" ተብሎ ታለፈ። ቤተ ክርስቲያን ሲቀሩ እግራቸው ነው ተባለ። በግንቦት ፍተሻ ፓሌፓ ስትጠይቅ አይሊኒ "አሁን ገና ሊታጠቡ ገቡ" አለቻት። በሰኔ "ጤና ጣቢያ ሄደዋል" አለች። በሐምሌ ደግሞ "አፒያ፣ ሴት ልጃቸው ጋ" ሆነ። ፓሌፓ አልጋውን ታያለች፣ አንሶላውን በመዳፏ ታብሳለች፣ ደብተሯ ላይ "አንደኛ" ብላ ትጽፋለች። ሦስት ወር በተከታታይ! በስብሰባውም "ከአይሊኒ ተማሩ፣ እናንተ ትራስ አዟሪዎች" ብላለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አልጋው ደስ ብሏት ነው ስለ ባለአልጋዋ አጥብቃ ያልጠየቀችው። መምህሯን በአካል ካየቻቸው ወራት እንዳለፉ የታወሳትም በኋላ ነው።

የነሐሴ ማክሰኞ ደረሰ። ሴቶቹ ሰማያዊውን ቤት አድንቀው ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረት አለች። እጇ ልማዱ አልለቀው ብሎ የአንሶላውን ጠርዝ ገለጠው። ፍራሹ ከሱቅ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ ነው። ላስቲኩ ላይ አንዲት መጨማደድ የለችም። ደንገጥ አለችና ትራሱን አንሥታ አሸተተች፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። እማማ ሩታ ደግሞ ፀጉራቸውን የኮኮናት ዘይት ሳይቀቡ የዋሉበት ቀን የለም። ጋደም ያሉበት ትራስ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ሁለቱ ስንት ጊዜ ተሳስቀውበታል። ይሄ ትራስ ግን ጭንቅላት አያውቅም።

"አይሊኒ፣ እማማ የት ናቸው?"

"አፒያ ናቸው እትዬ ፓሌፓ። ልጃቸው ጋ።"

"እሱማ ባለፈው ወር ነው።"

"አይ... መጥተው ተመልሰው ሄዱ። እሑድ ዕለት።"

"በምን ሄዱ?"

"በጀልባ ነዋ።"

"ውይ ልጄ! ጀልባው እኮ ከዓርብ ጀምሮ በማዕበል ቆሟል። ኢሊ አራት ቀን ሙሉ ቤት ተገትሮ የእኔን ፊት ሲያይ ነው የሰነበተው፤ ብትጠይቂው ያለቅስልሻል።"

አይሊኒ አልሳቀችም። ትራሱን ከፓሌፓ እጅ ወስዳ ከደረቷ ጋር አጣብቃ ቆመች። ፓሌፓ ልትጮኽ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጊዜ መሆን አለበት። ብቅ ብላ ሴቶቹን "እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ የኋላውን ሽንት ቤት አይቼ እደርስባችኋለሁ" አለቻቸው። ፓሌፓ ሽንት ቤት ላይ ብዙ መቆየቷ አዲስ ነገር ስላልሆነ ማንም አልጠረጠረም።

ከሽንት ቤቱ አለፍ ብሎ ማድ ቤቱ አለ፤ ፓሌፓ ከዚያ ሳል ሰምታ ገባች። እዚያ ውስጥ፣ ከኮኮናት ቅርፊቱ ክምር ጀርባ፣ እማማ ሩታ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው የተቀዳደደ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ከጎናቸው የቀዘቀዘ ጎደሬ በሳህን ተቀምጦ ዝንብ ወርሮታል። ሰውነታቸው አልቋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ቁርጭምጭሚታቸው ቆስሏል፣ ፀጉራቸው ዘይት ካየ ስንት ጊዜው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ፓሌፓ ዱላውን ከእጇ ጣለችው።

እማማ ሩታ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። "ፓሌፓ ነሽ? አይ ሰዓት አክባሪ፤ በስንት ወርሽ መጣሽ! ግቢ። ምንጣፉን ለመግለጥ እንዳትለፊ፣ ሥሩ አፈር ነው" አሉ።

"እማማ! ምን ሆነው ነው? ማን ነው እዚህ ያስቀመጥዎት?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ራሴ ነኝ የተቀመጥኩት።"

"ውሸትዎን ነው!" አለች ፓሌፓ። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም፤ አምልጧት ነው።

እማማ ሩታ ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ደረቅ፣ የማያባራ ሳል። ፓሌፓ "ውሃ ላምጣልዎት" ብላ ስትነሣ "ቀትር አልፏል?" ሲሉ ጠየቋት።

"አዎ፣ አልፏል።"

"እንግዲያው ተይው። ከቀትር በኋላ ውሃ የለም።"

"ምነው፣ ታንከሩ ደረቀ እንዴ?"

"ታንከሩማ ሙሉ ነው። መድረቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ከጠጣሁ ይመጣብኛል፣ ይሄ ጉልበቴ እስኪነሣ ድረስ ደግሞ አይጠብቀኝም። ከዚያ ምንጣፉ ይረጥባል፣ ከረጠበ ይሸታል፣ ከሸተተ አንቺ ትጽፊዋለሽ።" ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የፍተሻውን ደንብ ለአዲስ አባል የሚያስረዱ ይመስላሉ።

ያን ጊዜ ነው ፓሌፓ የታወሳት። ጥር ላይ፣ ሰማያዊው ቤት ሳያልቅ፣ መንገድ ዳር ያለውን ቤታቸውን ስትፈትሽ አንድ እርጥብ ምንጣፍ አግኝታ ነበር። የማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ጻፈችው፣ አዳራሹ ውስጥ አነበበችው፣ ቅመሟንም ጨመረች። "አይሊኒ ቤት ባሕሩ እስከ ምንጣፉ ድረስ ይገባል መሰለኝ፤ ኢሊን መረብህን ይዘህ ና ልበለው?" ብላ። ሰማንያው ሴት በሳቅ ፈረሰ። አይሊኒ አንገቷን ደፋች። እማማ ሩታ ከኋላ፣ ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸውም ሳቁ። ፓሌፓ መምህሯ ሲስቁ አይታ ይበልጥ ደስ ብሏት እንደነበር ሁሉ ትዝ አላት።

ወጣችና ከታንከሩ አንድ ትልቅ ኩባያ ሞልታ ተመለሰች። እማማ ሩታ መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳይተነፍሱ ጨረሱት። ሁለተኛው መጣ፣ እሱም አለቀ። በሦስተኛው ላይ ፓሌፓ "ቀስ ይበሉ እንጂ እማማ፣ እንዳያንቅዎት" ብትል፣ "ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አሏት።

ሲጨርሱ ፓሌፓ ብድግ አለች። "አሁኑኑ ለአለቆቹ ሸንጎ ነው የምናገረው! አሳማ ከመቶ ጎደሬ ጋር ነው የሚቀጧት! ለፔኒም እደውላለሁ፣ ለፓስተሩም..."

እማማ ሩታ የቀሚሷን ጫፍ ይዘው ጎተቷት። "ተቀመጪ። አንቺ ዛሬ ትጮኺና ይወጣልሻል። ነገ ውሃ የምታጠጣኝ ግን ያቺው አይሊኒ ናት።"

ፓሌፓ ተቀመጠች። ለመንደሩ ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ስትናገር ኖራለች፤ ምን ትፈልጋለህ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ብላ የጠየቀችው ሰው ግን ትዝ አልላት አለ። ቃሉ አፏ ውስጥ ከበዳት። "ታዲያ... እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?" አለች።

"አሞሻል እንዴ?" አሉ እማማ ሩታ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መንገዱን ማየት ነው የምፈልገው። የድሮ ቤቴን። ሰው ሲያልፍ ወዴት ነው ልበል፣ እሱም እዚህ ድረስ ነው ይበለኝ። ውሃም በጠማኝ ሰዓት። ሌላ ምን አለኝ?"

"ቁስሉን ነርሷ ትየው?"

"ትየው። ወጣቷ ትምጣ ብቻ፤ የዚያችኛዋ እጅ ከባድ ነው።"

"ሴቶቹስ ቢሰሙ?"

"ስለ አይሊኒ ከሆነ አንቺ አታወሪም፤ የእኔ ጉዳይ ነው፣ ስፈልግ እኔ እናገራለሁ። ስለ ራስሽ ከሆነ ግን የፈለግሽውን አውሪ፣ ማን ይከለክልሻል!"

አይሊኒ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላዩዋትም። ትራሱን አሁንም እንደታቀፈች ናት። "ቀን ሦስቴ አጥባለሁ እትዬ ፓሌፓ" አለች። "ፔኒ የለ፣ ልጆቹ ገና ናቸው። ያ ዱላዎ ጠጠሩ ላይ ሲመታ ከሩቅ ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ ምንጣፍ ለማገላበጥ እሮጣለሁ። ደግመው እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው። ለአንድ ማክሰኞ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ... እዚህ ሲሆኑ ማጠቡ ቀለለኝ።"

"ውሃውስ?" አለች ፓሌፓ።

አይሊኒ ባዶውን ኩባያ ከመሬት አነሣች። እኔም አይሊኒ ክፉ አይደለችም ብዬ ላባብላችሁ አልፈልግም፤ የተጠማ ሰውን ውሃ መከልከል ክፋት ነው፣ ሌላ ስም አይወጣለትም። ብቻዋን ሆና ደክሟትም ነበር። እማማ ሩታ አልሰደቧትም፣ አላጽናኗትምም። "ኮኮናቱን ከቤቴ አውጪልኝ" ብቻ አሉ።

ሁለቱ ሴቶች ኮኮናቱን ከአሮጌው ቤት አወጡ፣ ወለሉን ጠረጉ፣ ምንጣፍ አነጠፉ። እማማ ሩታን በሁለት በኩል ደግፈው አመጧቸው፤ ገላቸውን አጠቧቸው፣ ፀጉራቸውን ዘይት ቀቧቸው። ፓሌፓ ስታነሣቸው ክብደታቸው የሕፃን ያህል ሆኖ ስላገኘችው ፊቷን አዙራ አለቀሰች። መንገድ ዳር ምሰሶው ሥር ሲያስቀምጧቸው መጀመሪያ ያለፈው የጎረቤት አሳማ ነበር። እማማ ሩታ እሱንም "ወዴት ነው?" አሉት።

አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ፓሌፓን እየጠበቁ ነው። እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሳጥኗን ከፍታ የክብር ምንጣፏን አወጣች፤ እናቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርታ የሰጠቻት፣ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ላባ ያለው፣ በልጆቿ ሠርግ እንኳን ሳስታ ያላወጣችው። ኢሊ ሲያያት ደነገጠ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ ዝም በል።"

"ዝም ብያለሁ" አለ ኢሊ፤ የለመደው ነገር ነው።

ኢፎጋ የሚባለው የምሕረት ልመና ታላቅ ነገር ነው። ሰው የገደለ ሰው ዘመዶች ጎህ ሲቀድ መጥተው፣ አለቃቸው የክብር ምንጣፍ ተከናንቦ፣ በተበዳይ ደጅ ይቀመጣል። ተበዳዩ ምንጣፉን ካነሣለት ምሕረት አገኘ ማለት ነው፤ ካላነሣለት እዚያው ፀሐይ ሲጠብሰው ይውላል። ሴት ብቻዋን፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በምንጣፍ ፍተሻ ምክንያት ኢፎጋ ስትቀመጥ ግን መንደራችን አይቶ አያውቅም። ፓሌፓ ከእማማ ሩታ ቤት ፊት ለፊት ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለችና ምንጣፉን ከራሷ እስከ ጉልበቷ ተከናነበች። አዳራሹም ግድግዳ የለውም፤ ሴቶቹ ከሩቅ አይተዋት ተንጋግተው መጡ።

ምንጣፉ ሥር ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ አየሩ የቆየ ሳጥን ሳጥን ይላል። ፓሌፓ የሚታያት ጠጠሩና የሴቶቹ እግር ብቻ ነው። ሰዎቹ እማማ ሩታን ሲያዩ "እንዴ፣ እማማ! ምን አገኘዎት? እንዴት ነው እንዲህ የከሱት?" እያሉ ሲንጫጩ ሰማች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"እኔ ነኝ ያከሳኋቸው! ጥር ላይ የረጠበ ምንጣፍ አግኝቼ የማን ነው ሳልል አነበብኩት፤ ቀልድም ጨመርኩበት፣ እናንተም ሳቃችሁ። ምንጣፉ የእሳቸው ነበር። ያስተማሩኝን ሴትዮ እርጅናቸውን ነው ሰማንያ ሰው ፊት ያነበብኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ መጠጣት ፈሩ። ደብተሬ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንጣፍ አለ፣ ትራስ አለ፤ ምንጣፉ ላይ ማን እንደሚተኛ አንድ መስመር የለም።"

ምንጣፉን የሚያነሣላት አልመጣም። ላቡ ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ ይወርዳል፣ ጉልበቷን ጠጠሩ ይወጋታል። ምሕረት ባይሰጡኝስ ብላ አሰበች፤ ደግሞም መብታቸው ነው። ያኔ ሁለት እግሮች ወደ እሷ ሲመጡ አየች። ባዶ እግር፣ ጥፍሩ በውሃ የነጣ፣ ልብስ ሲያጥብ የሚውል ሰው እግር። የምንጣፉ ጫፍ ተነሣና የአይሊኒ ትከሻ ትከሻዋን ነካት።

"አንቺ መምጣት አልነበረብሽም፣ እኔ ስምሽን አላነሣሁም እኮ" አለቻት ፓሌፓ በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ" አለች አይሊኒ።

"በይ ጠጋ በይ፣ ጀርባሽ ወጥቷል።"

ከወዲያ በኩል የእማማ ሩታ ድምፅ ተሰማ። "ሁለት ሆናችሁ እንዴ? ጥሩ ነው፣ እንዳይሰለቻችሁ። እንግዲህ ስሙኝ። ውሃ ባሰኘኝ ሰዓት እጠጣለሁ፣ ቀትር ምናምን የሚባል አልሰማም። የምኖረው እዚሁ ነው፤ ያን አልጋ ማንም የፈለገ ይተኛበት። ፔኒ ሲደውል ስልኩን ለራሴ ትሰጪኛለሽ፣ አንቺም ራቅ ትያለሽ።"

"እሺ እማማ" አለች አይሊኒ።

"ምን እንደምለው የማውቀው እኔ ነኝ። ፓሌፓ!"

"አቤት!"

"አንቺ ደግሞ ይቺን ልጅ ብቻዋን አትተያትም። ማጠቡ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።"

"ተራ እናወጣለን እማማ። እኔ ነገ እጀምራለሁ።"

"እኔ ሐሙስ እመጣለሁ" የሚል ድምፅ ከሴቶቹ መሐል ወጣ፤ ባለሱቋ ናት። ሌላዋ ዓርብን ያዘች። እማማ ሩታ "ታዲያ በደብተር እንዳታደርጊው" አሏት ፓሌፓን። አንዳንዶቹ ሊስቁ ሲሉ አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ ጠጠሩ ሲንሿሿ ተሰማ። እማማ ሩታ ቆመው መራመድ ስላልቻሉ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ መምጣት ጀመሩ። ሴቶቹ ሊያነሷቸው ሲሮጡ "ዞር በሉ!" አሏቸው። አምስት እርምጃ የማይሞላው መንገድ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ፓሌፓ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ እየሰማች፣ ወጥታ እንዳታቅፋቸው ሥርዓቱ አስሯት፣ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። በመጨረሻ ምንጣፉ ከራሳቸው ላይ ተነሣ። ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው። እማማ ሩታ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና በቀሚሳቸው እጅጌ የአይሊኒን ፊት፣ ከዚያ የፓሌፓን ጠረጉ።

ኢፎጋ የተቀበለ ሰው የክብር ምንጣፉ የእሱ ነው። አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ያኖረዋል፣ ለልጅ ልጅ ያወርሰዋል እንጂ ማንም አይቀመጥበትም። እማማ ሩታ ግን ምሰሷቸው ሥር እንዲመልሷቸው አዘዙና "እሱን ከሥሬ አንጥፉልኝ" አሉ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ "እማማ፣ ይሄ እኮ..." ብላ ሳትጨርሰው ፓሌፓ ራሷ ተንበርክካ ምንጣፉን ዘረጋችው፣ አስተካከለችው፣ እሳቸውንም አነሣችና አስቀመጠቻቸው።

ሴቶቹ ወዲያው አልሄዱም። ቤቱ ውስጥ ዙሪያውን ተቀምጠው ካካዎ ተፈላ፣ ወሬው ደራ፤ እማማ ሩታ ያመለጣቸውን የወራት ሐሜት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጠየቁ። አይሊኒ አጠገባቸው ሆና ኩባያቸው በጎደለ ቁጥር ትሞላለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ምንጣፉ ረጠበ። በቀዩ ላባ በኩል ቀስ ብሎ እየሰፋ መጣ። አይሊኒ አየችው፣ ፓሌፓም አየችው፣ ሴቶቹም አዩት። እማማ ሩታ ወሬያቸውን አቋርጠው አንድ ጊዜ ዙሪያቸውን ቃኙ። ከቦታው የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ባለሱቋም "እሺ፣ ከዚያስ?" አለቻቸው። እሳቸውም ኩባያቸውን ወደ አይሊኒ ዘረጉና "ጨምሪልኝ" ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ።